የሐዲድ መንገድ ወይስ የደን ጎዳና? በአሜሪካ ተራራማ ሸለቆዎች ስድስት የጠጠር ብስክሌት መስመሮች ሲነጻጸሩ

ካርታ ላይ ሁሉም መስመር አረንጓዴ ነው። ወንዝ አለ፣ በወንዙ ዳር ቀጭን ነጠብጣብ መስመር አለ፣ ግራና ቀኙ ደን ነው። ፎቶግራፎቹም ይመሳሰላሉ፦ ድልድይ፣ የዋሻ አፍ፣ ጭጋግ የተኛበት ሸለቆ። አሜሪካ ውስጥ ለጠጠር ብስክሌት ጉዞ፣ ማለትም ከአስፋልት ውጭ ለሚነዱበት ጉዞ፣ መስመር የሚፈልግ ሰው ግራ የሚጋባው ለዚህ ነው። አንዱን መስመር የዐሥር ዓመት ልጅ ይዘው ሦስት ቀን ይነዱበታል፤ ሌላው በሁለተኛው ሰዓት ላይ ጎልማሳውን ከብስክሌቱ አውርዶ ያስገፋዋል። ካርታው ይህን አይናገርም።

እዚህ የማነጻጽራቸው ስድስት ናቸው፦ ፓይን ክሪክ፣ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ፣ ግሪንብራየር፣ የማዕከላዊ ፔንሲልቬንያ የደን ጎዳናዎች፣ ሚክልሰን፣ እና ፓሉዝ ቱ ካስኬድስ። ሁሉም ደን በለበሰ ተራራ መካከል ያልፋሉ፤ ሁሉም በመንገዳቸው ላይ ወይም በአቅራቢያቸው ስቴት ፓርክ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ስቴት ፓርክ ናቸው። ዝነኛውን ቨርጂኒያ ክሪፐርን የተውሁት በመርሳት አይደለም። በሴፕቴምበር 2024 የመጣው ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ከደማስከስ ከተማ በላይ ያለውን ግማሹን ጠራርጎ ወስዶታል፤ ድልድዮቹ ሳይቀሩ ሄደዋል። (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በጋ ስል የአሜሪካን የሙቀት ወቅት፣ ክረምት ስል የበረዶውን ወቅት ነው።)

ስለ ስቴት ፓርክ አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ስቴት ፓርክ የፌዴራል መንግሥቱ አይደለም፤ እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ሕግ ያስተዳድረዋል። ስለዚህ በአንዱ የለመዱት ደንብ በሌላው አይሠራም። ፔንሲልቬንያ የፓርክ መግቢያ አታስከፍልም። ዋሽንግተን ስቴት የምታስከፍለው ለመኪና ማቆሚያ ነው። ደቡብ ዳኮታ ደግሞ ሚክልሰን ላይ ብስክሌተኛውን ራሱን ፈቃድ ታስቆርጣለች።

መጀመሪያ መለኪያዎቹ

ዳገት ከሁሉ ይቀድማል። ከስድስቱ አምስቱ በቀድሞ የባቡር መስመር ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሐዲዱ ተነቅሎ በቦታው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም ጠጠር ተነጠፈ። በእንፋሎት የሚሠራ ባቡር ከባድ ጭነት እየጎተተ ቀጥ ያለ ዳገት አይወጣም። መሐንዲሶቹም መንገዱ በተቻለ መጠን ከ2 በመቶ በላይ እንዳይነሣ ወንዙን እየተከተሉ፣ ተራራው ሲዘጋባቸው እየቦረቦሩ፣ ገደሉን በድልድይ እየተሻገሩ ዘረጉት። ዛሬ ፔዳል የሚመታው ሰው የሚነዳው በእነርሱ ድካም ላይ ነው። ሆኖም ልዝብ ዳገት የራሱ ጠባይ አለው፦ አያልቅም። ዓይን ሜዳ ነው ይላል፣ እግር አይደለም ይላል፤ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ሙሉ ፔዳሉን አቁሞ መንሸራተት የለም። የደን ጎዳና ተቃራኒው ነው። ለግንድ መጫኛና ለእሳት አደጋ መኪና የተቀደደ ስለሆነ 8 ወይም 10 በመቶ ቢነሣ ግድ የለውም። ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በምላሹ ረጅም ቁልቁለት ይሰጣል።

ሁለተኛው የመንገዱ ወለል ነው። ደርቆ የጠነከረ የኖራ ድንጋይ ድቃቂ ከአስፋልት ብዙም አይከፋም፤ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይበቃዋል። ዝናብ ሲመታው ግን ነጭ ሊጥ ሆኖ ሰንሰለቱና ማርሹ ላይ ይለጠፋል። የደን ጎዳና ኮረኮንች ነው፤ ድንጋዩ ሹል፣ አንዳንዱም የጡጫ ያህል ነው። እዚያ ከ40 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ጎማ ያስፈልጋል። በቀጭን ጎማ ቁልቁለት ሲወርዱ ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ይቆነጠጥና ካላማዳሪው ሁለት ቦታ ይበሳል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጊዜ ለጥፌ ስላየሁት ከልምድ የምናገረው ነው።

ሦስተኛውን ብቸኝነት እለዋለሁ፦ ከአንድ የውኃ መቅጃ እስከ ሌላው፣ ከአንድ ሱቅ እስከ ሌላው፣ ስልክ ከሚሠራበት እስከሚሠራበት ያለው ርቀት። ጥልቅ ሸለቆ ሁለት ጎኑ ግድግዳ ስለሆነ የስልክ ሞገድ አይገባውም። ለአንዳንዱ ሰው የመጣበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ለሌላው ደግሞ ጉዞውን የሚያበላሽ ጭንቀት ነው። የትኛው እንደሆኑ ራስዎን ሳያታልሉ ይመልሱ።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው መመለሻ ነው። የሸለቆ መንገድ ዙሮ አይመጣም፤ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለዚህ የ100 ኪሎ ሜትር መስመር በአንድ መኪና ለመጣ ሰው ወይ የ200 ኪሎ ሜትር መስመር ነው፣ ወይ የማመላለሻ መኪና ክፍያ ነው። በጀት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የመንገዱ ፈቃድ ቢኖርም ትንሽ ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ማመላለሻውና አልጋው ነው።

ወቅቱ የመጨረሻው መለኪያ ነው፤ ዋሻ ባለበት መስመር ግን የመጀመሪያው ይሆናል።

ፓይን ክሪክ፣ ፔንሲልቬንያ

ከዌልስቦሮ ጃንክሽን እስከ ጀርዚ ሾር 62 ማይል፣ ማለትም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። (ጀርዚ ሾር ስሙ ቢያሳስትም ከባሕር እጅግ የራቀ የወንዝ ዳር ከተማ ነው።) ባቡሩ በ1883 መሮጥ ጀመረ፣ የመጨረሻው በ1988 አለፈ። መንገዱ የሚሄደው የአካባቢው ሰዎች የፔንሲልቬንያ ግራንድ ካንየን በሚሉት ገደል ወለል ላይ ነው። ገደሉ 76 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ዋተርቪል አጠገብ ጥልቀቱ 440 ሜትር ይደርሳል።

የገደሉን አፈጣጠር ያወቀ ሰው መንገዱን በሌላ ዓይን ያየዋል። ወንዙ ድሮ የሚፈስሰው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነበር። በበረዶ ዘመን ከሰሜን የመጣው ግግር መውጫውን ደፈነው፤ የታገደው ውኃ ሞልቶ በደቡብ በኩል ጥሶ ወጣ፤ ሲወጣም ተራራውን እየሰነጠቀ ሄደ። ዛሬ ውኃው ወደ ደቡብ ስለሚወርድ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው ጥቂት ቁልቁለት ያገኛል። ብዙ አይደለም፤ በሁለተኛው ቀን ግን ጉልበት ይመሰክርለታል።

እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፓርኮቹ ነው። ሌናርድ ሃሪሰን እና ኮልተን ፖይንት የተባሉት ሁለት ስቴት ፓርኮች ካርታ ላይ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘውታል፤ በእርግጥ ግን ያሉት ከመንገዱ ሽቅብ፣ በገደሉ አፍ ላይ ነው። ሌናርድ ሃሪሰን ላይ ከአጥሩ ተደግፌ ልነዳበት ያሰብሁትን መንገድ ከ240 ሜትር በታች እንደ ክር ተጋድሞ ሳየው ነው የገባኝ። ቁልቁል የሚወስደው ተርኪ ፓዝ የእግር መንገድ ነው፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ብስክሌት አይወርድበትም። ስለዚህ ድንኳንዎን በፓርኩ ተክለው ጠዋት ከድንኳን ወጥቼ እነዳለሁ ካሉ በመኪና ዞረው መውረድ እንዳለብዎ ይወቁ።

ከአንሶንያ እስከ ብላክዌል ባለው 26 ኪሎ ሜትር ያህል ሱቅ የለም፣ ስልክም አይሠራም። ከዚያ በኋላ ሲዳር ራን፣ ስሌት ራን፣ ዋተርቪል የሚባሉ ጥቃቅን መንደሮች እየተራራቁ ይመጣሉ። መርዘኛና ጅራቱን የሚያንሿሿ እባብ በበጋ ፀሐይ ለመሞቅ መንገድ ላይ ይወጣል፤ ቆመው ካሳለፉት እርሱም የራሱ ጉዳይ አለው። ያለ ጥርጥር ከስድስቱ ለሁለት ቀን ጉዞ የምመርጠው ይህን ነው።

ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ፣ ፔንሲልቬንያ እና ሜሪላንድ

ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ 150 ማይል፣ 241 ኪሎ ሜትር ነው። ፒትስበርግ መሀል በሚገኘው ፖይንት ስቴት ፓርክ ይጀምራል፣ በኦሃዮፓይል ስቴት ፓርክ ውስጥ ያልፋል፣ የአሌጌኒን ተራራ ተሻግሮ ወደ ሜሪላንድ ይወርዳል። ከተሞቹ ተቀራርበዋል፦ ዌስት ኒውተን፣ ኮነልስቪል፣ ኮንፍሉዌንስ፣ ሮክውድ፣ ማየርስዴል፣ ፍሮስትበርግ። ረሃብም ጥማትም እዚህ የዕቅድ ጉድለት ነው እንጂ የመንገዱ ጥፋት አይሆንም።

ዋናው ውሳኔ ከየት ልነሣ የሚለው ነው። ውኃ ወደ አትላንቲክና ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚለያይበት ከፍታ 729 ሜትር ላይ ነው፤ ያለውም ከምበርላንድ አጠገብ ነው። ከምበርላንድ የሚነሣ ሰው በ38 ኪሎ ሜትር ውስጥ 535 ሜትር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፒትስበርግ ድረስ መንገዱ የእርሱ ነው። ከፒትስበርግ የሚነሣው ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይታወቀው ሲወጣ ቆይቶ በመጨረሻው ቀን እንደ ልጅ እየጮኸ ይወርዳል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ሽልማት መጨረሻ ላይ ሲመጣ ይጥማል። ከምበርላንድ ሲደርሱ ጉልበት ከተረፈዎት ሌላ 184.5 ማይል የሚዘልቀው የሲ ኤንድ ኦ ቦይ መንገድ እስከ ዋሽንግተን ዲሲ ይወስድዎታል። እርሱ ግን የጥንት በቅሎዎች ጀልባ የሚጎትቱበት የነበረ የአፈር መንገድ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ጭቃው ጎማ ይይዛል። ሁለቱን እንደ አንድ መንገድ ቆጥሮ የሚነሣ ሰው በአራተኛው ቀን ይቆጣል።

ቢግ ሳቬጅ የተባለው ዋሻ አንድ ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በክረምት ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ድረስ በሩ ይዘጋል። ከዚህ ሌላ የመስመሩ ታላቅ ጥቅም አምትራክ ባቡር ነው፤ ፒትስበርግም፣ ኮነልስቪልም፣ ከምበርላንድም ይቆማል። ለብስክሌት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። መኪና ለሌለው ሰው ከስድስቱ በእውነት የሚመቸው ይህ ብቻ ነው። ጉድለቱ? በበጋ ቅዳሜና እሑድ ኦሃዮፓይል ገበያ ይመስላል። ጸጥታ ፈላጊ ከሆኑ ማክሰኞ ይሂዱ ወይም ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ግሪንብራየር፣ ዌስት ቨርጂኒያ

ከካስ እስከ ሰሜን ካልድዌል 78 ማይል፣ 125 ኪሎ ሜትር ነው። 35 ድልድዮችና ሁለት አጫጭር ዋሻዎች አሉት። ዳገቱ ከ1 በመቶ አይበልጥም፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ወንዙን ተከትሎ ለሚወርድ ሰው ደግሞ ዳገት የሚባል ነገር የለም። መንገዱ ራሱ በስቴት ፓርክነት ይተዳደራል፤ በስተሰሜን ጫፉ የድሮ የእንፋሎት ባቡሮች ዛሬም የሚንቀሳቀሱበት የካስ ስቴት ፓርክ አለ፤ መሀሉ ላይ የዌስት ቨርጂኒያ ትልቁ ስቴት ፓርክ ዋቶጋ ይገኛል፤ ስፋቱ ከ4,000 ሄክታር በላይ ነው።

ብቸኝነቱ ግን ሌላ ደረጃ ነው። መስመሩ ያለው በ1958 በተቋቋመው የሬዲዮ ጸጥታ ቀጣና ውስጥ ነው። ቀጣናው 34,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዓላማውም ግሪን ባንክ ያለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ያለ ሁካታ እንዲሰማ ማድረግ ነው። የስልክ ማማ በዚህ አገር ብርቅ ነው። ከማርሊንተን በስተቀር በመንገዱ ላይ የረባ ከተማ የለም። በወንዙ ዳር ግን ድንኳን መትከያዎችና የእጅ ፓምፕ ያላቸው የውኃ ጉድጓዶች አሉ። ፓምፕ ይበላሻልና የውኃ ማጣሪያ ይያዙ፤ ወንዙ አጠገብዎ ነው።

እውነቱን ለመናገር መልክዓ ምድሩ እንደ ፓይን ክሪክ አያስደነግጥም። ሸለቆው ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት ውበት ነው። ይህ የሚያሰለቸው ሰው አለ። ሌሊት ግን ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ላይ የተመለከተ ሰው አይሰለችም፤ ዋቶጋ ጨለማ ሰማዩ የሚጠበቅለት ፓርክ ነው።

የማዕከላዊ ፔንሲልቬንያ የደን ጎዳናዎች

ይህ አንድ መስመር አይደለም፤ ለዚያም ነው ለማነጻጸር የሚያስቸግረው። በስቴት ኮሌጅ ከተማ ዙሪያ ያለው ሮትሮክ የስቴት ደን እና ከእርሱ በስተምሥራቅ ያለው ቦልድ ኢግል የስቴት ደን በጠጠር ጎዳና የተተበተቡ ናቸው። መነሻ የሚሆኑት ትንንሽ ስቴት ፓርኮች ናቸው፦ ዊፕል ዳም፣ ግሪንዉድ ፈርነስ፣ ፖ ቫሊ፣ ፖ ፓዲ።

ደኑ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ግሪንዉድ ፈርነስ ላይ ነው። ከ1834 እስከ 1904 ድረስ በዚያ የብረት ማቅለጫ ምድጃ ይነድ ነበር፤ ማገዶው ከሰል፣ ከሰሉ ደግሞ ደን ነው። ተራራው ተላጨ። ዛሬ ጥንታዊ የሚመስለን ጥላ በኋላ የበቀለ ነው፤ የሮትሮክ ደንም ስሙን ያገኘው ለፔንሲልቬንያ ደን ማገገም ከታገለው ከጆሴፍ ሮትሮክ ነው።

መሬቱን ለማንበብ አንድ ቁልፍ አለ። እዚህ ተራሮች እንደ እርሻ ትልም ጎን ለጎን ተደርድረዋል፦ ሸንተረር፣ ሸለቆ፣ ሸንተረር፣ ሸለቆ። ሸንተረሩ ጠንካራ አሸዋማ ድንጋይ ነው፤ ሸለቆው ለም የኖራ መሬት ነው። ስለዚህ መስመር ሲያወጡ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ስንት ሸንተረር አቋርጣለሁ? ሸለቆውን ተከትሎ የሚሄድ 50 ኪሎ ሜትር የከሰዓት ሽርሽር ነው። ሦስት ሸንተረር የሚያቋርጥ 50 ኪሎ ሜትር ከ700 ሜትር በላይ ያስወጣል፤ ቀኑን ይበላዋል። ርዝመትን ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ዙሮ መምጣት ስለሚቻል ማመላለሻ አያስፈልግም፤ መኪናው ካቆሙት ቦታ ይጠብቃል። መግቢያ አይከፈልም። ቁልቁለቱ ደስታ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ ምልክቶቹ ጥቂት ናቸው፣ አልፎ አልፎ መኪና ይመጣል፣ ሱቅ የለም፣ ካርታውን አስቀድሞ ስልክ ላይ ያላወረደ ሰው ይጠፋል። ትንሹ ማርሽ ቢያንስ አንድ ለአንድ መሆን አለበት፤ ማለትም የፊቱ ጥርስ ከኋላው ጥርስ አይብለጥ። ፍሬን ከመነሣት በፊት ይፈተሻል። ለጀማሪ አልመክርም፤ የጠጠር ብስክሌት በእርግጥ የተፈጠረው ግን ለእንዲህ ያለ ቦታ ነው።

ሚክልሰን፣ ደቡብ ዳኮታ

ከዴድዉድ እስከ ኤጅሞንት 109 ማይል፣ 175 ኪሎ ሜትር ነው። በ1998 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ አራት ዋሻዎችና ከመቶ በላይ ድልድዮች አሉት። ደኑ ጥድ ነው፤ አየሩ ደረቅ፣ ሰማዩ ሰፊ ነው። የሐዲድ መንገድ ነው ብለው እንዳይዘናጉ፦ ዳገቱ እስከ 4 በመቶ ይደርሳል፤ ከዴድዉድ እስከ ዱሞንት ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሙሉ በሙሉ ሽቅብ ነው፤ ከፍታውም ከ1,800 ሜትር ያልፋል። ከ12 ዓመት ጀምሮ የመንገድ ፈቃድ መያዝ ግዴታ ነው፤ መነሻዎቹ ላይ በራስ እጅ ይቆረጣል። ጎሽ ለማየት የሚመጣ ሰው ከስተር ስቴት ፓርክ ጎረቤት እንጂ መንገዱ ላይ እንዳልሆነና የራሱ መግቢያ እንዳለው ይወቅ። በኦገስት መጀመሪያ በአቅራቢያው ስተርጂስ የሞተር ብስክሌት ጉባኤ ስለሚካሄድ አልጋ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም።

ፓሉዝ ቱ ካስኬድስ፣ ዋሽንግተን ስቴት

ሙሉው ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግን ምሥራቁ ደረቅ ሜዳ ስለሆነ እዚህ የሚመለከተን ምዕራቡ ነው፦ ከሲዳር ፎልስ እስከ ሃያክ ያለው 35 ኪሎ ሜትር ያህል። በ1980 የተተወ የባቡር መስመር ነው። ረጃጅም ድልድዮች ጥልቅ ሸለቆ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ጥቁር አረንጓዴ ደን ከእግር ሥር ይታያል። ከዚያ የስኖኳልሚ ዋሻ ይመጣል፦ 3.7 ኪሎ ሜትር፣ ያለ አንዲት አምፖል። በጁላይ ሙቀት እንኳ ውስጡ ያንቀጠቅጣል፤ ሹራብና ጠንካራ የፊት መብራት ያስፈልጋል። የስልክ መብራት አይበቃም። ከኖቬምበር 1 እስከ ሜይ 1 ዝግ ነው። መኪና ለማቆም ዲስከቨር ፓስ የተባለው ፈቃድ ይጠየቃል። ብልሃቱ ከሃያክ መነሣት ነው፤ ዋሻውን በትኩስ ጉልበት አልፈው እስከ ሲዳር ፎልስ ይወርዳሉ። መመለሻ መኪና ከሌለ ግን ያው ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃል።

በአንድ ዓይን

| መስመር | ርዝመት | ዳገት | ወለል | ብቸኝነት | መመለሻ | ክፍያና መዘጋት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ፓይን ክሪክ | 100 ኪ.ሜ. | በጣም ልዝብ | የጠነከረ ድቃቂ | ከፍተኛ | ማመላለሻ ወይም በመጡበት | ነጻ |
| ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ | 241 ኪ.ሜ. | ልዝብ፤ ከከምበርላንድ በኩል የሚጠነክር | የጠነከረ ድቃቂ | ዝቅተኛ | ባቡር፣ ማመላለሻ | ነጻ፤ ዋሻው በክረምት ይዘጋል |
| ግሪንብራየር | 125 ኪ.ሜ. | ከ1 በመቶ የማይበልጥ | ድቃቂ፣ አልፎ አልፎ ሣር | በጣም ከፍተኛ | ማመላለሻ | ዋና ወጪው ማመላለሻው ነው |
| የደን ጎዳናዎች | እንደ ፍላጎት | ከባድ | ኮረኮንች | ከፍተኛ | ዙሮ የሚመጣ | ነጻ፤ በአደን ወቅት ጥንቃቄ |
| ሚክልሰን | 175 ኪ.ሜ. | እስከ 4 በመቶ | ድቃቂና ጠጠር | መካከለኛ | ማመላለሻ | የመንገድ ፈቃድ |
| ፓሉዝ፣ ምዕራቡ | 35 ኪ.ሜ. ያህል | 2 በመቶ ገደማ፣ ረጅም | ጠጠር፣ በየቦታው ልል | መካከለኛ | በመጡበት ወይም ሁለት መኪና | የማቆሚያ ፈቃድ፤ ዋሻው ከኖቬምበር እስከ ሜይ ዝግ |

ለማን የትኛው?

ብዙ ቀን ነድቶ የማያውቅ ሰው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅን ይያዝ። ቢደክመው ከተማ አለ፣ ቢታመም ሐኪም አለ፣ ቢያስጠላው ባቡር አለ። ሙሉውን መንዳት ግዴታ አይደለም፤ ከኮንፍሉዌንስ እስከ ኦሃዮፓይል ያለው ቁራጭ ብቻውን ለአንድ ቀን ይበቃል።

ልጅ ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ ግሪንብራየር ወይም ፓይን ክሪክ ይሻላል። ልጅ የሚፈራው ዳገት ሳይሆን መኪና ነው፤ ሁለቱም ላይ መኪና የለም። የምመክረው ግን ጠዋት ሄዶ ከሰዓት የሚመለሱበትን አጭር ርቀት ነው። ፓይን ክሪክ ላይ ወደ ላይኛው ውኃ መጀመሪያ ይሂዱ፤ ሲመለሱ ልጁ ሲደክም መንገዱ ያግዘዋል።

በጀቱ ለጠበበ ሰው መልሱ የደን ጎዳናዎቹ ናቸው፤ እግሩ ከፈቀደለት። መግቢያ የለም፣ ማመላለሻ የለም፤ የቤንዚንና የምግብ ወጪ ብቻ ነው። እግሩ ካልፈቀደ ሁለት መኪና ያላቸው ጓደኞች ፈልጎ ፓይን ክሪክን በሁለቱ ጫፍ መያዝ ነው፤ አንዱ መኪና ጀርዚ ሾር ይቀመጣል፣ በሌላው ሁሉም ወደ ዌልስቦሮ ይወጣል። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖርና ጊዜ እንጂ ገንዘብ ያልተረፈው ሰው ደግሞ የቦዩን መንገድ ያስብ፤ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ በነጻ የሚያድሩበት ድንኳን መትከያ አለው።

ለጠንካራ ነጂ የሐዲድ መንገድ ብቻውን ይሰለቸዋል። ሁለቱን ያቀላቅል፦ ፖ ፓዲ ላይ ድንኳን ተክሎ አንዱን ቀን በፔንስ ክሪክ ወንዝ ዳር ባለው አሮጌ ሐዲድና አጭር ዋሻ፣ ሌላውን ቀን ሸንተረሩን በሚያቋርጡት ጎዳናዎች ማሳለፍ ይችላል።

አንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ሩቅ ለሚበር ሰው ከሚክልሰንና ከፓሉዝ ሚክልሰን ይበልጥበታል። ፓሉዝ የደኑ ክፍል በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሲያትል ለሌላ ጉዳይ ከሄዱ ግን ሳያዩት አይመለሱ።

ጊዜውን በተመለከተ ለምሥራቆቹ የኦክቶበር ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንት ወደር የለውም፤ ቅጠሉ ይቀላል፣ ትንኙ ይጠፋል። ሸለቆ ቀዝቃዛ አየር ስለሚያጠራቅም ግን ጠዋቱ እጅ ያደነዝዛል፤ ጓንት ይያዙ። ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ በፔንሲልቬንያ ደኖች የአጋዘን አደን በጠመንጃ ስለሚካሄድ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ሳይለብሱ አይግቡ። ከፀደይ እስከ መኸር መዥገር ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል፤ ማታ ከእግር ጣት እስከ ብብት ሰውነትን መፈተሽ የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

ከቤት ከመውጣት በፊት ሁለት ነገር ይረጋገጥ። አንደኛው የስቴቱ የፓርክ መሥሪያ ቤት የዝግ መንገዶች ማስታወቂያ ነው፤ ድልድይ ሲጠገን ወይም ተራራ ሲናድ ተለዋጭ ማለፊያው በመኪና መንገድ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የማመላለሻው ሰዓት ነው። ብዙዎቹ የሚነሡት ጠዋት ብቻ ነው፤ ስለዚህ መኪናውን መጨረሻው ላይ አቁመው በማመላለሻ ወደ መነሻው ይሂዱና ወደ መኪናዎ ይንዱ። እንዲህ ካደረጉ ጎማ ቢፈነዳም፣ ዝናብ ቢይዝዎትም፣ ወንዝ ዳር አረፍ ብለው እንቅልፍ ቢወስድዎትም ጥሎዎት የሚሄድ መኪና አይኖርም።